ፓምፑማ ይሠራል

አማቴ አዴ ሀሊሜ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከስተው ልብሳቸው ሰፋቸው። ዓይናቸው ጎደጎደ፤ ቀን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ ያንጎላጃሉ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ደማቸው ታየ፣ ሽንታቸው ታየ፣ ምንም የለም ተባለ። ምንም የለም ሲሉኝ ይባስ ፈራሁ። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እናት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውንም ላጣ ነው ብዬ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ቤታችን አሰላ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። እሳቸው በምርኩዝ ስለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳቸው ምድር ቤት ይተኛሉ። ዝናብ ሲበረታ ውሃ ከወለሉ ሥር ይመነጫል፤ ጥግ ላይ በቆፈርነው ጉድጓድ ይጠራቀምና ፓምፑ ስቦ ወደ ውጭ ይደፋዋል። ፓምፑ ግን አርጅቷል። ያጓራል፤ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ባሌን ጅብሪልን፣ «ኧረ በአላህ ቀይረው!» እያልኩ ነዘነዝኩት።

«ወለሉ ረጥቦ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምትዪኝ? ይሠራል!»

ደረቅ ሰው! እናቱም ከታች ሆነው፣ «ፓምፑማ ይሠራል ልጆቼ፣ አትጨቃጨቁ» ይሉናል። ወለሉ እውነትም ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ምን ልበል? መነዝነዜን ተውኩ።

ነሐሴ ላይ ኢተያ ከተማ ዘመድ ሞተና ጅብሪል እናቱን ለቅሶ አድርሷቸው ተመለሰ። በማግስቱ ረፋድ አንሶላቸውን ላጥብ ብወርድ፣ ምንጣፉ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

«ጅብሪል! ድረስ!»

ፓምፑ እዝዝ ይላል እንጂ አይዞርም። ጅብሪል ደረጃው ላይ ቆሞ በመጥረጊያ እንጨት ቢመታው ጓ ብሎ ተነሳ። ትንሽ ስቦ ቆመ። መታው፤ ተነሳ። ደግሞ ቆመ። ውሃው እስኪጎድል ክንዱ ዛለ። ያኔ ነው የሞተሩን ቆርቆሮ ልብ ብዬ ያየሁት። በምርኩዝ ጫፍ ልክ እዚህም እዚያም ተሰርጉዷል። ከጎኑ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ የአዴ ሀሊሜ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ጅብሪል፣ እናትህ እኮ አይተኙም ነበር» አልኩት። «እኛ እንዳንጣላ ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብለው ፓምፑን ሲቀሰቅሱት ነው የሚያድሩት።» እያልኩት እንባዬ መጣ። ተናድጄም ነበር፤ በእሱም፣ በእሳቸውም፣ በዚያ ብረትም።

ስልኬ ጮኸ። ኢተያ ያለችው የእህታቸው ልጅ ሙቢና ናት።

«ፈይሩዛ፣ አክስቴ አሟቸዋል እንዴ? ትናንት እንደደረሱ ጋደም አሉ፤ ይኸው እስካሁን አልተነሱም። ስንጠራቸው እህ ብለው ይዞራሉ፣ መልሰው ይተኛሉ። ጨንቆናል፤ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው?»

ጅብሪል ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«አትቀስቅሷት» አለ። «በአላህ፣ ማንም እንዳይቀሰቅሳት።»