የበያጁ አዲስ ቆዳ

በያጁ አሮጌ በርሜል ሲበይድ እሳት ተነሥቶ ጭኑን ለበለበው። ሆስፒታል ከገባ ሳምንታት ቢያልፉም ቁስሉ አልደርቅ አለ፤ እሱም ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ ሥራ ስለምትውል የሚያስታምሙት እናቷ ነበሩ። አማቱን ደግሞ ክፉኛ ያፍራቸዋል።

አንድ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን እየፈታች፣ “ቁርስ በላህ?” አለችው።

“ቀመስ አደረግሁ።”

“ውሸቱን ነው!” አሉ አማቱ ከጥግ። “ሻይ ብቻ ነው የጠጣው።”

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ስማኝ ወንድሜ፣ አዲስ ቆዳ ከሰማይ አይወርድም። ሠሪዎቹ ሕዋሶችህ ናቸው፤ አቀባዩ ደግሞ አንተ። እንቁላል ስትበላ ፕሮቲኑ ሆድህ ውስጥ ይፈርስና አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ይለወጣል። ሕዋሶቹ እነሱን ከደምህ ወስደው እንደገና ይገጣጥሟቸዋል፤ ቆዳ ይሆናሉ፣ ጡንቻ ይሆናሉ።”

“ካልበላሁስ?”

“ከራስህ ይወስዳሉ። ክንድህን እየው።”

አየው። ያ ከባድ ብረት ያነሳ የነበረ ክንድ ሟሙቷል። ደነገጠ።

“ዳቦና ቅቤስ ምን ያደርግለታል?” አሉ አማቱ።

“ማገዶ ነው፣ እማማ። ከስቡም የሕዋሶቹ ሽፋን ይሠራል። ማገዶ ካጣ ግን ሰውነቱ ፕሮቲኑን ያነድደዋል፤ ያኔ ለቆዳው ምን ይተርፋል?”

“እንዲያ ከሆነማ ሁሉንም ይበላታል!” ብለው ተነሡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ቅቤ የተቀባው ዳቦ ተከታትሎ መጣ። አልበላም ሲል እየቆረሱ ወደ አፉ ያስጠጉለታል።

“እማማ ይተዉኝ፣ አፍራለሁ።”

“ልጄን ስትወስድ ያላፈርክ በእንቁላል ታፍራለህ?”

ከተቃጠለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አጠገቡ የተኛው ሹፌርማ የተሰፋ ሆዱን ይዞ፣ “በሳቅ ገደሉኝ!” እያለ ነበር።

ቀስ በቀስ ከቁስሉ ዳር ስስ፣ ሮዝ ቆዳ ወደ መሐል ይገባ ጀመር። ነርሷ አማቱን ጠርታ ስታሳያቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አለቀሱ።

“የእርስዎ ሥራ ነው፣ እማማ” አለ በያጁ።

“እኔ ምን ሠራሁ? እንቁላል ቀቀልኩ። የሠሩትስ እነዚያ እንትኖቹ ናቸው።”

“ሕዋሶቹ።”

“እነሱ ይባረኩ!”

በእግሩ ሄዶ የወጣ ዕለት ነርሷን ሊያመሰግን ፈለገ። ሌላ ሕመምተኛ ላይ አጎንብሳ ስለነበር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቀና ስትል፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ” ብቻ አለ።

“ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም ይስጥልህ” አለች አጠገቡ የቆሙትን አማቱን እያየች። “በል ቤትህ ግባ፣ ምሳ ሳትበላ እንዳትውል።”