ድንቄም እርጋታ!

መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽቶው ነው። በሩ ገና ሲከፈት አበባ አበባ የሚል ነገር ፊትህ ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ ደግሞ ያልተለወጠ የሽንት ጨርቅ አለ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲመጡ የቱ እንደሚሻል እግዜር ይወቀው። ሞግዚቷ ግን ታውቃለች። "ሽንቱስ የልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል! ሽቶው ነው ቋቅ የሚለኝ" ትላለች፣ ጫማዋን አውልቃ በገባች ቁጥር አፍንጫዋን በክንዷ እየሸፈነች።

የሕፃናት መዋያው ያምራል፣ ማማሩን ማንም አይክድም። ግድግዳው ወተት፣ ምንጣፉ ወተት፣ የእንጨት መጫወቻው ሳይቀር የወተት ቀለም ነው። ቀይዋ ኳስ "ዓይን ትረብሻለች" ተብላ ተጥላለች። ልጆቹ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። አዎ፣ በሹክሹክታ! የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች፣ ጓዳ ውስጥ በሽተኛ የተኛባቸው ይመስል! ጎብኚ ሲመጣ ደረቱን ይዞ "ወይኔ፣ እንዴት ደስ የሚል እርጋታ!" ይላል። ድንቄም እርጋታ!

ጉዱ ደግሞ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ሞግዚቷ መሆኗ ነው።

ከአንድ ሥልጠና ስትመለስ ልቧ ሞልቶ ነበር። "ልጁ ይምራን" አለች። ጣራው ላይ ያለውን የሚያፈጥ መብራት አጥፍተን በየጥጉ ደብዘዝ ያለ እናብራ። ከላይ ቆመን ከምናዝ ወለሉ ላይ ቁጭ እንበል። መደበቅ የፈለገ ይደበቅ፣ መሮጥ የፈለገ ይሩጥ፣ መጮህ ያማረው ግቢው ውስጥ ጉሮሮው እስኪላጥ ይጩህ። የመዋያው ባለቤት ያኔ ሳቀችባት። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ የኔ ቆንጆ" አለቻት። ይቺን ሴትዮ ሠራተኞቹ በሌለችበት "ለስላሳዋ" ነው የሚሏት። ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ እየሳቀች ነው የምትነክሰው። "ሞክሪ ግዴለም፣ ግን ይገዛልኝ የሚባል ነገር አልሰማም" አለቻት። ሞግዚቷም የመኝታ ቤቷን መጋረጃ ነቅላ፣ አሮጌ ትራሶቿን ተሸክማ መጣችና ጠረጴዛ ሥር ጎጆ ሠራች።

ጎጆዋን የወረሰቻት ጡሩምባ ነበረች። ጡሩምባ የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ልጅ ናት፤ እናት የላትም፣ አባቷ ብቻውን ነው የሚያሳድጋት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ጉሮሮዋ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሷማ መጀመሪያ ሰሞን ከአባቷ እግር ስትላቀቅ ሰፈሩን ታነቃንቀው ነበር። ሞግዚቷ አላባበለቻትም፣ አልተቆጣቻትምም። ጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ጋደም ብላ ጠበቀቻት። ልጅቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያትና መልሳ ትዘጋዋለች፣ ደግሞ ገለጥ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትዘጋለች። አንድ ቀን ታዲያ "እትዬ፣ ግቢ፣ አውቶቡስ ነው" አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ጠዋት ጠዋት አባቷ አድርሷት ሲሄድ ከመንገድ ላይ ክላክሱን ጲጵ ያደርጋል፣ እሷ ከውስጥ "ጲ-ጲ-ጲጵ!" ብላ ትመልሳለች፣ የተኛ ሕፃን ሁሉ ይባንናል። ሞግዚቷ አንዱን አቅፋ ሌላውን እያዘለች፣ "አንቺ ልጅ፣ ጉድ ታፈያለሽ!" እያለች ትስቃለች። ያ ሁሉ ልቅሶ ጨዋታ ሆኖ መውጣቱ ከደመወዟ በላይ ያኮራት ነበር።

ከዚያማ አንዲት እናት ጎጆዋን በስልኳ አንስታ ለሰው አሳየች፣ ሰውም ወደደው፣ ደጁ በወላጅ ተጥለቀለቀ። ለስላሳዋ በአንድ ጀምበር የልጅ አስተዳደግ ሊቅ ሆና ቁጭ! ሁሉን ወተት አስቀባችው። ጎጆዋን "ለፎቶ አትሆንም" ብላ አፈረሰቻት፤ የሞግዚቷን መጋረጃ ግን ቀለሙ ስለገጠመላት በትልቁ መስኮት ላይ ሰቀለችው። ግቢው ጎረቤት ይረበሻል ተብሎ ተዘጋ። በሮቹ እንኳ እንዳይንኳኩ ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ብረት ተገጠመላቸው። ከሁሉ የባሰው ግን ትራሱ ነው፤ ትልቅ፣ ውብ፣ ሰው የሚውጥ ትራስ። ድምፁን ከፍ ያደረገ ልጅ "እስኪረጋጋ" እሱ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አያናግረውም። የጡሩምባ ውሎ ትራሱ ላይ ሆነ።

ሞግዚቷ አላስችል ብሏት ቢሮ ገባች። "ልጁ ይምራን ነበር እኮ ያልኩዎት" አለች።

"እየመሩ ነዋ" አለች ለስላሳዋ፣ ሻይዋን እፍ እያለች። "ዝምታን መረጡ።"

"ትራሱ ላይ እየጣልናቸው?"

"ለስላሳ እኮ ነው። ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው፣ ይሰሙሻል።"

ኤዲያ! እንዲህ ያለችዋን ሴት ምን ይሏታል? ሞግዚቷ አንጀቷ እርር እያለ ወጣች። እሷም ብትሆን ግን እጇ ንጹሕ አልነበረም። ጎብኚ ቆሞ ጡሩምባ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ከትራሱ ላድናት ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በዓይኗ እየሳቀች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግላታለች። ልጅቷም ወዲያው ይገባታል። ለሞግዚቷ ይሄ በሁለቱ መሀል ያለ ምስጢር፣ የፍቅር ነገር ይመስላት ነበር።

ቀስ በቀስ የአባትየውን ክላክስ ከውስጥ የሚመልስ ጠፋ። "ልጄን አሟታል እንዴ?" አለ ሹፌሩ አንድ ጠዋት፣ ከደጅ ተመልሶ። ሞግዚቷ አፏን ሳትከፍት ለስላሳዋ ቀደመቻት። "ኧረ አድጋ ነው እንጂ!"

አዳዲስ ወላጆች ሊያዩ የመጡ ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ለስላሳዋ ከፊት ከፊት እየመራች በየክፍሉ ታስጎበኛቸዋለች። ሞግዚቷ ትንንሾቹን ስታስተኛ ቆይታ ቀና ስትል ጡሩምባን አጣቻት። ትራሱ ላይ የለችም። መስኮቱም ጋ የለችም። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ኮሪደር ወጣች።

ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ያ የማይንኳኳው በር ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ጣቷን ማጠፊያው ውስጥ ዘግቶባታል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሞግዚቷ የምትለውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረባት።

"እትዬ፣ እጄን" ትላለች ልጅቷ በሹክሹክታ። "እትዬ፣ እጄን። እትዬ፣ እጄን።"

ሞግዚቷ በሩን በርግዳ እሪ አለች። ከዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ድምፅ ከወጣ ስንት ጊዜው! ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ።

"ለምን አልተጣራሽም፣ የኔ እናት? ለምን?"

"ተጣራሁ" አለች ጡሩምባ፣ አሁንም በሹክሹክታ። "ለትልቋ እትዬ ነገርኳት። እንዲህ አለችኝ።" ደህነኛውን እጇን አንስታ አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየቻት።

ለስላሳዋ እንግዶቿን ይዛ በዚያው አልፋለች ማለት ነው። በር ተደግፋ ጸጥ ብላ የቆመች ልጅ አይታለች። ደስ ብሏት፣ ጎበዝ ብላት፣ አልፋለች።

ጩኸቱን ሰምተው ሁሉም ግር ብለው መጡ። ለስላሳዋ መጀመሪያ ያለችው "እባክሽ፣ ድምፅሽን" ነው። ቀጥሎ የልጅቷን ጣት አየች፣ የእንግዶቹን ፊት አየች፣ ፈገግታዋን አስተካከለች። "አያችሁ?" አለች። "ይሄን ያህል ተጎድታ እንኳ አልጮኸችም። ራስን መግዛትን ከአሁኑ ነው የምናስተምራቸው።"

አንዱ እንግዳ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ!

"ይቺ ልጅ እዚህ ስትመጣ መጮህ ታውቅ ነበር!" አለች ሞግዚቷ። "ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ሲባል አልሰሙም? ያስጠሉኛል! እርስዎም፣ ትራስዎም፣ ይሄ የተረገመ ሽቶዎም! የገዛ ራሴም አስጠልቶኛል!" ልጅቷን አቅፋ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ጥፍሯ ተነቀለ፣ አጥንቷ ግን ተርፏል። ቁስሉ ሲታጠብ ትንፍሽ አላለችም። "እንዴት ያለች ጎበዝ ናት!" አለ ሐኪሙ። ምስኪን፣ ምን ያውቃል! ሞግዚቷ ግን በዚያች ሰዓት እሱንም ጠላችው።

አባትየው ሲነገረው አውቶቡሱን ባዶውን ይዞ እየበረረ መጣ። ልጁን አገላብጦ ሳመ፣ ሁለቱንም አሳፍሮ መሪው ላይ ተቀመጠ።

"ሁለተኛ እዚያ እንዳታመጣት" አለችው ሞግዚቷ።

"እሺ፣ የት ላድርጋት፣ እህቴ?"

"እኔ ቤት። እኔም አልመለስም። ደህና ጠረጴዛ አለኝ፣ ከሥሩ እንነዳለን።" ከዚያ ልጅቷን ወደ ራሷ አስጠግታ "አሁን ትራስ የለም" አለቻት። "አሁን ጩኺ፣ የኔ ጡሩምባ። እንደፈለግሽ ጩኺ።"

ልጅቷ ፋሻዋን አየት አደረገች። አባትየው ነገሩ ገባውና በእንባው መሀል ሳቅ ለማለት ሞከረ። "በይ እስቲ፣ እንደ ዱሯችን!" አለና ክላክሱን ጲጵ አደረገ። መልስ የለም። ደግሞ ጲጵ አደረገ፣ ረዘም አድርጎ።

ጡሩምባ ከሞግዚቷ ጭን ላይ ወረደች። በወንበሮቹ መሀል ተጠንቅቃ ሄዳ አባቷ አጠገብ ቆመች። አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ በዓይኗ ሳቀችለት፣ በፋሻ የተጠቀለለውን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አንድም ሳይቀር ልክ ሞግዚቷ ስታደርግላት እንደነበረው።

"እሽሽ" አለችው። "አባዬ፣ ትራሱ ላይ ያስቀምጡሃል።"