የሚፍታ ጌም ቤት ፍርድ

የአዲሱ የኳስ ጌም ስም ገና ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል በሚፍታ ጌም ቤት የተሰበሰቡት ወጣቶች በአንድ ድምፅ አጉረመረሙ። ለሊሳ ከፊት ወንበር ሆኖ «ማሊያ እየቀየሩ ያንኑ ነው የሚሸጡልን» አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው። ቀጥሎ የመጣውን የተኩስ ጌም ግን በፉጨት ተቀበሉት። አንዱማ ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበ።

ሩዋይዳ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጥግ ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች። በዓመት አንድ ጊዜ የዓለም ጌም ሠሪዎች ገና ያላለቁ ሥራዎቻቸውን በኢንተርኔት ሲያስተዋውቁ፣ የአሰላ ተጫዋቾች ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ወደዚህ ቤት ይጎርፋሉ። ጌሞቹ እዚህ እስኪደርሱ ብዙ ቢቆዩም ፍርዱ የሚሰጠው ያን ዕለት ነው። ለሊሳ ፊቱን ያዞረበት ጌም በኋላም በሚፍታ ቤት የሚነካው አይገኝም።

ዛሬ ከሚቀርቡት አንዱ የእሷ መሆኑን እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ከብሩህ ጋር ሦስት ዓመት ለፍተውበታል፤ እሷ አሰላ ሆና ትሥላለች፣ እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ኮዱን ይጽፋል። ብሩህ አሁን ታክቶታል። አንድ ባንክ ሥራ ልስጥህ ብሎት መልሱን እየጠበቀ ነው። ጠዋት ደውሎ፣ ሰው ካልወደደው እዚህ ላይ እናቁም ሲላት እሺ ብላዋለች። ቤቷ ቁጭ ብላ ብቻዋን ማየት ትችል ነበር። ግን የማታውቀው ሰው ከሩቅ ከሚጽፍላት ምስጋና ይልቅ የእነዚህን ልጆች እውነተኛ ፊት ማየት ፈለገች። አሁን ግን መምጣቷ ቆጫት።

ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ በዳገት ላይ የተዘረጋ የደረሰ ስንዴ ታየ፤ በመካከሉ ቀለሟ የተላጠ አሮጌ ኮምባይነር እያቃሰተች ትወጣለች።

«ኮምባይነር ነው እንዴ?» አለ ነስረዲን የተባለው የባጃጅ ሾፌር።

ከዲክሲስ የመጣ ሌላ ወጣት፣ «እኔ የአባቴን አጨዳ ሸሽቼ ነው እዚህ የተቀመጥኩት» ሲል ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

ሩዋይዳ አንገቷን ደፋች። እጇ ሳይታወቃት የበሩን መጋረጃ ጨብጧል። ወጥታ መሄድ አማራት።

ስክሪኑ ላይ ደመናው ከተራራው መውረድ ጀመረ። ሦስት ማሳ፣ አንዲት ማሽን። ከታች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ባልቴት መተዳደሪያዋ የሆነ ማሳ ይዛ ትጠብቃለች፤ ከላይ እጥፍ ልክፈል የሚል ነጋዴ እጁን ያወዛውዛል፤ ከወንዙ ማዶ የኮምባይነሯ ሾፌር የገዛ ወንድም አለ። ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቱ ላይ ስታርፍ አንዲት ሴት ወደ ሰማይ ጮኸች፦ «ያ ረቢ፣ ጢቆ ኑ ኤጊ!» ጥቂት ጠብቀን ማለቷ ነው። ከዚያ የጌሙ ስም ወጣ፦ «ዝናብ ሳይቀድመን»።

የሚስቅ አልነበረም። በአጨዳ ወር ደመና አይቶ ያልተሸበረ በዚያ ቤት ማን አለ?

ስርጭቱ ግን አልቆመም። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የነበረው ትልቁ ጌም በነጎድጓድ ሙዚቃ ጀመረ። ይሄኔ ለሊሳ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

«ሚፍታ፣ ወደኋላ መልሰው።»

«የጠበቃችሁት እኮ አሁን ጀመረ» አለ ሚፍታ ግራ ገብቶት።

«እሱ የትም አይሄድም። መልሰው።»

መለሰው። አንድ ጊዜ አይተው አልበቃቸውም፣ ደግመው አስመለሱት። ተራራው ጭላሎ መሆኑን አንዱ ሲያውቅ ሌላው መንገዱን አወቀው። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። ነስረዲን የነጋዴውን ማሳ አስቀድሞ በገንዘቡ ናፍጣ እንደሚገዛ ተናገረ። ለሊሳ፣ ባልቴቷን ዘሎ ያለፈ ሰው እንኳን በጌም በሕልሙም አይቀናውም አለ። የዲክሲሱ ልጅ ደግሞ፣ ወንድሙን የተወ ሰው በበዓል ቀን የት ሊገባ ነው ብሎ ሁለቱንም ተቆጣ። ሩዋይዳና ብሩህ በዚችው ጥያቄ ወራት ሲጨቃጨቁ ከርመዋል፤ አሁን ያ ጭቅጭቅ ከእነሱ እጅ ወጥቶ በራሱ እግር ሲሄድ አየችው።

ሚፍታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሦስተኛ ጊዜ አዳመጠ።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አዴ ዙቤዳ አይደሉም? ባለፈው ለመጋረጃ ዋጋ ስከራከራቸው ልክ እንዲህ ነው ወደ ላይ የጮኹብኝ።»

ጨርቅ ሻጯን አዴ ዙቤዳን የማያውቅ የአሰላ ሰው የለም። ልጃቸውን ሩዋይዳንም እንዲሁ። ፊቶች አንድ በአንድ ወደ በሩ ዞሩ።

«እናትሽ እዚያ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?» አለ ለሊሳ።

ሩዋይዳ መጋረጃውን ለቀቀች። «የምትጮህ ሴት ስፈልግ ሱቋ ሄጄ በስልኬ ቀዳኋት። ጌሙን የሠራነው እኔና ጓደኛዬ ነን።»

ከዚያ ነስረዲን ከፊት ወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት፤ ቤቱም በጭብጨባ ተናወጠ። ተኩሱን በፉጨት የተቀበለው ልጅ እንደገና ወንበር ላይ ወጣ። ሩዋይዳ እንባዋን በሻርፕዋ ጫፍ ብትጠርግም ሳቋን መደበቅ አልቻለችም።

ለሊሳ አጠገቧ ተቀምጦ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባልቴቷን ካስቀደምኩ ናፍጣው አይበቃኝም፣ አይደል?» አላት።

«አይበቃህም። ግን በኋላ—»

«አትንገሪኝ።»

ስልኳ ጠራ። ብሩህ ነበር። ከየአገሩ ሰው እየጻፈለት እንደሆነ፣ መቼ ይወጣል እያሉ እንዳስጨነቁት እየተንተባተበ ነገራት፤ ለባንኩም ይቅርታ ጠይቆ መልእክት ልኳል። እሷም ያለችበትን ቤት ጫጫታ አሰማችው። ይህን ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ።

እስኪያልቅ ድረስ ለማንም ላያሳዩት ተስማምተው ነበር። በእጇ ያለው ቅጂ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ኮምባይነሯ አልፎ አልፎ መሬት ውስጥ ትሰምጣለች፣ ዝናቡም አንዳንዴ ወደ ላይ ይዘንባል። ሩዋይዳ ለብሩህ መልሼ እደውላለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችና ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣች። ሚፍታ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያያይዝላት ጆይስቲኩን ለለሊሳ አቀበለችው።

«የሰለቸህ ቦታ ላይ ስትደርስ» አለችው፣ «ሳታፍር ንገረኝ።»