ከመቶ ዘጠና አራቱ ተስማምተዋል

ኛላም የገዛ ፊቷን መጀመሪያ አላወቀችውም። ምክር ቤቱ ለስብሰባ በተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ከሹማምንቱ ወንበር ጀርባ፣ ግድግዳ የሚያህል ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያው እጁን አንስቷል። ከሥሩ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «የጉምቦ ነዋሪ ዕቅዱን ተቀብሏል» የሚል ተጽፏል።

«ያቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች ጎረቤቷ ካትሪን፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

ኛላም ያን ጊዜ ቀሚሱን ለየችው፤ ቢጫ አበባ ያለበት የእሑድ ቀሚሷ ነው።

ዕቅዱ ምን መሰላችሁ? ከጁባ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የእነኛላም ሰፈር፣ ጉምቦ፣ ፈርሶ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ ለወጉ ያህል ሰው ሳይጠይቅ አያፈርስምና የነዋሪውን አስተያየት በጥናት ሰበሰብኩ ብሏል። በጥናቱ መሠረት ከመቶ ዘጠና አራቱ ሰው ተስማምቷል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው በየአገሩ አይጠፋም፤ ሳይጠየቅ «ቤቴን ናዱልኝ» ብሎ የሚመልስ ሰፈር ግን ከጉምቦ በቀር የት ይገኛል?

ወሬውን የሰማች ሰሞን ኛላም ዓሣ መሸጧን ትታ ቤት ለቤት ዞራ ነበር። የካትሪንን ደጅ ማንም አልረገጠም። ከካትሪን ወዲያ ያሉትም ጥናት የሚባል ነገር አላዩም። ኢትዮጵያዊው ጎሚስታ እሱባለው ብቻ «እኔስ ተጠይቄያለሁ» አላት፣ ጎማ እየለጠፈ።

«ምን ብለው ጠየቁህ?»

«መንገድ ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። መብራትስ? አዎ። ውሃስ? እንዴታ! እዚህ ውሃ አልፈልግም የሚል እብድ አለ?»

«ቤትህን እናፍርስ ወይ አላሉህም?»

«እሱንማ ቢሉኝ በዚህች ጎማ ማውለቂያ ነበር የምመልስላቸው።»

ይኸው ነው እንግዲህ ጥናታቸው። የጠማውን ሰው ውሃ ትፈልጋለህ ብለው ይጠይቁታል፤ አዎ ሲል ቤቱን ሰጠን ይላሉ። ይህንንም በጉባኤ ፊት ሲያወሩ ፊታቸው አይቀላም።

ለኛላም ነገሩ የቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቤቱማ ጭቃና ቆርቆሮ ነው፣ ሌላ ቦታም ይቆማል። ግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ እናቷ ተቀብራለች። ጦርነት ከአገሯ አስወጥቷት፣ ከጋምቤላ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ፣ በየሄደችበት «ከዚህ ተነሺ» ስትባል ያረጀች ሴት ናት። ጁባ ተመልሳ ልትሞት ስትል አንድ ነገር ብቻ ለመነች። «ተነሺ የሚለኝ ሰው በሌለበት ቅበሪኝ» አለች። ኛላምም በገዛ ግቢዋ ቀበረቻት። አሁን ከኡጋንዳ የመጣ ተሳቢ በላይዋ ሊቆምባት፣ የተቃጠለ ዘይቱን ሊያንጠባጥብባት ነው።

ፎቶው የት እንደተነሳም ትዝ አላት። እናቷ ከሞተች ዓመት የሞላበት እሑድ ነበር። ኢትዮጵያውያኑና እንደ እሷ ያሉ ከስደት ተመላሾች በአማርኛ በሚያመልኩበት ቸርች፣ የምክር ቤቱ ሹም ዪየን እንግዶች አስከትሎ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዪየን ጋምቤላ አብሯት የተማረ ነው፤ አማርኛውን የለመዱት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፓስተር እንድሪያስ በዝማሬው መሃል «ለዚህች ከተማ መልካም የሚመኝ እጁን አንስቶ ይጸልይ!» አሉ። እዚያ ቤት እጅ ለማንሳት ልመና አያስፈልግም፤ መዝሙር ሲጀመር በራሱ ይነሳል። ኛላም ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ እናቴን ያሳረፍክበትን አፈር ባርክ» እያለች ነበር።

ይህንን ነው እንግዲህ አንስተው «አፈሩን ቆፍሩት ብላለች» ያሉት። ሌባ ከኪስ ይሰርቃል፣ ከመጋዘን ይሰርቃል። ከሰው ጸሎት ላይ የሚሰርቅ ምን ይባላል? ስም እንኳ የለውም፤ ብቻ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል።

ዪየን ማይክ ይዞ በጁባ አረብኛ ስለ ልማት ብዙ አወራ። ሲጨርስ ኛላም ተነሳች።

«ዪየን፣ እዚያ የሰቀልካትን ሴት ታውቃታለህ?» አለችው በአማርኛ።

«እንዴት አላውቃትም! እህቴ፣ የሰፈሩ ኮከብ ሆነሻል እኮ።»

«እየጸለይኩ ነበር።»

«ይኸው ተሰማልሽ፤ ልማቱ መጣ።»

ፊት ወንበር ላይ ያሉት አማርኛ የሚሰሙት እየተንከተከቱ ሳቁ። ሳቃቸው ራሷ ላይ እንደተደፋ እጣቢ ተሰማት። ከሹማምንቱ ጎን ወደተቀመጡት ፓስተር ዞረች።

«ፓስተር፣ እርስዎ ይመስክሩ። የዚያን ዕለት ስለ ቤት መፍረስ የጠየቁን ነገር ነበር?»

ፓስተር እንድሪያስ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። «እህት ኛላም፣ ጌታ ይባርክሽ። እኛ በሰው አገር እንግዶች ነን። ለባለሥልጣን መገዛትን ደግሞ ቃሉም ያዘናል...»

«ለካ የሚፈርሰው መስመር ቸርቹ ጋ ሲደርስ ጠምዘዝ ብሎ ያለፈው ለዚህ ነው!» አለ እሱባለው ከኋላ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ!»

ፓስተሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ኛላምን ከዪየን ቀልድ ይልቅ የእሳቸው «ጌታ ይባርክሽ» አንገሸገሻት። እናቷን የቀበሩላት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር በእጃቸው የበተኑት እሳቸው ናቸው።

ኛላም ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሕዝብ አዙራ፣ ሁሉም እንዲገባው በጁባ አረብኛ ጮኸች። «ቤትህን እናፍርስ ወይ ተብሎ ያልተጠየቀ ማነው? አንድ ሰው ይነሳ!»

ማንም አልተነሳም። በር ላይ ወታደር ቆሟል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለ ሁሉም ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ካትሪን ብድግ አለች። «እኔን አልጠየቁኝም!» አለች። «እኔንም!» አለ ሌላው። ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ ተናወጠ፤ ወንበር ወደቀ፤ ወታደሩ ሳይቀር ፈገግ አለ።

ዪየን ግን አልደነገጠም። አጠገቡ ለቆመው ፎቶ አንሺ አንድ ነገር በጆሮው ነገረው፤ ከዚያ ማይኩን አንስቶ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ።

«ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አትቆጡ። እኛ የናንተው ነን። እሺ፣ ጥናቱ ውሸት ነው፣ ቤታችን አይፈርስም የምትሉ እስቲ እጃችሁን አውጡ።»

ኛላም ጆሮዋን ማመን አቃታት። እጇን ከሁሉ ቀድማ አወጣች። ካትሪን ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። ወንበር ላይ የወጣ አለ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የልጁን እጅ ጭምር ያነሳ አለ። እሱባለው በዘይት የጠቆረ መዳፉን ዘርግቶ ያፏጫል። ኛላም ዞር ብላ ስታያቸው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እናቷን የሚያስነሳት እንደሌለ ልቧ አመነ።

ፊቷን ስትመልስ ፎቶ አንሺው ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ስልኩን ወደ ሕዝቡ ደግኖ በሌላ እጁ «ከፍ፣ ከፍ አድርጉት» እያለ ምልክት ያሳያል። ዪየን ወዲያ ወዲህ እያለ ፊቱ የማይታየውን ሰው ወደ መሃል ያስጠጋል፤ ፈገግታውም ከፊቱ አልጠፋም። ኛላም ከጀርባው የተሰቀለውን ባነር አየችና ገባት።

«አውርዱ!» ብላ ጮኸች። «እጃችሁን አውርዱ! ፎቶ እያነሱን ነው! ፎቶ ጆሮ የለውም!»

ጫጫታው ዋጣት። የካትሪንን ክንድ ይዛ ወደ ታች ጎተተች። ካትሪን መንጭቃ አስለቀቀቻት፤ የጠነባ ዓሣ እንደሸተተው ሰው ፊቷን አጨማደደችባት።

«አንቺ ቆስቁሰሽን፣ አሁን አንቺው ፈራሽ?» አለቻትና እጇን ከቅድሙ ይበልጥ ከፍ አደረገች።

ፎቶ አንሺው ወርዶ ስልኩን ለዪየን አሳየው። ዪየን ጎንበስ ብሎ አየና ደህና ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ከላስ፣ በቃ፣ አሁን ማውረድ ትችላላችሁ» አለ በማይኩ። «እናመሰግናለን።»