አንቺ ትችዪዋለሽ

መዓዛ ያንን ጥቁር ውሃ በጠጣች ቁጥር አማቷ ወይዘሮ እታለማሁ ፊቷ ተገትረው ይጠብቃሉ። ኩባያው ካላለቀ ንቅንቅ አይሉም። ካለቀ በኋላም ተቀብለው፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ውስጡን ያያሉ፤ ዝቃጭ ከቀረ መልሰው ይሰጧታል። መድኃኒት ካልመረረ ምኑን መድኃኒት ሆነ ይሏታል። እሳቸው ምን አለባቸው! የሚጠጣው በሳቸው አፍ አይደለ።

መድኃኒቱ የቻይና ነው። ሥር፣ ልጥ፣ የደረቀ ቀይ ፍሬ፣ አንዳንዴም ምንነቱን ለመጠየቅ የማያስደፍር ነገር በወረቀት ተጠቅልሎ ከወንዙ ማዶ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ይመጣል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው ሲፈላ ሽታው ኮሪደሩን አልፎ ሊፍት ውስጥ ይገባል፤ የሕንፃው ማኔጀር በር አንኳኩቶ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ የጠየቀበት ቀን አለ። የባለመድኃኒቷን አድራሻ የሰጠቻት ሀጀራ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ናት። እህቴ እዚያ እየተመላለሰች ነው የወለደችው ብላ ማለችላት፤ መዓዛም ያንኑ ሳምንት ቀጠሮ ያዘች።

ምን ታድርግ? ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከምናሴ ጋር ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የፈረንጁ ሐኪም ደሟን ቀድቶ፣ ማህፀኗን በመሣሪያ አይቶ፣ አንቺ ላይ ያገኘሁት ነገር የለም፣ ባልሽን አምጪው፣ ጊዜው ግን እየሄደ ነው ብሏታል። ባሏን ማን ያምጣው! ምናሴ ሆቴል ውስጥ የሕንፃ ጥገና ይሠራል። የሰው ቦይለር ሲበላሽ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ራስህን ተመርመር ሲባል ግን ጆሮው ይደፈናል። እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች፣ በኛ ዘር መሀን የሚባል ነገር የለም ይላል። ኩባያ ተቀብሎ ሽንት ቤት መግባትማ ለሱ ከሞት አይተናነስም።

ስለዚህ እሷ ትጠጣለች። በረዶ ያለው ነገር ተከልክላለች፣ ሰላጣ ተከልክላለች፣ በሐምሌ ሙቀት ካልሲ አድርጋ ትተኛለች። ሆዷ ላይ መርፌ ሲሰካላት ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች። ልጅ ያስገኛል ካሏት እሳትም ትጠጣ ነበር። አማቷ ከደሴ መጥተው አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በስልክ ላገኙት ዘመድ ሁሉ፣ ምን ይደረግ፣ እሷ ትንሽ ችግር አለባት፣ እያሳከምናት ነው ይላሉ። እያሳከምናት! የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። መዓዛ እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች፣ እንደዚያ ጥቁር ውሃ ዋጥ ታደርገዋለች።

የዚያን ቅዳሜ ምናሴ አብሯት ወደ አሌክሳንድሪያ ሊሄድ ቃል ገብቶ ነበር። ባለመድኃኒቷ ሚስስ ሊያንግ፣ ሁለት ሰው የሚሠራውን ነገር አንድ ሰው ብቻ አክሜ አልጨርሰውም፣ ባልሽን ካላመጣሽ ይበቃናል ብላ ቁርጡን ነግራታለች። መዓዛ ስንት ቀን ለምና፣ ተቆጥታ፣ አኩርፋ እሺ አሰኘችው። ጠዋት ጫማዋን ስታደርግ ታዲያ ስልኩን እያየ ብቅ አለና ሥራ ቦታ ና ብለው ኮል አድርገውኛል፣ እማዬ አብራሽ ትሂድ አላት። አማቷ ግን ነጠላቸውን ለብሰው ተዘጋጅተው ነበር፤ ይህቺን ቻይና ማየት ከፈለጉ ቆይተዋል።

የሚስስ ሊያንግ ክፍል ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ነው። ግድግዳውን የሸፈነ ባለብዙ መሳቢያ ቁም ሳጥን አለ፤ ሴትዮዋ እየሳበች ሥሩን ስትመዝን ወይዘሮ እታለማሁ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ደስ አላቸው። ሥር ምሰው እየመተሩ መድኃኒት የሚያደርጉ አዋቂዎች አገራቸው ሞልተዋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ያከብራሉ፣ ይፈሩታልም። ሚስስ ሊያንግ ማን እንደሆኑ ጠየቀች። የባልሽ እናት ከሆኑማ ጥሩ፣ እሱ ካልመጣ እሳቸውን እጠይቃለሁ አለችና ወንበር ሳበችላቸው።

መዓዛ አስተርጓሚ ናት። እንጀራዋ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረች በሐኪምና በአበሻ ታማሚ መካከል ትቆማለች። የሥራው ሕግ ግልጽ ነው። ታማሚው አመመኝ ካለ አስተርጓሚውም አመመኝ ይላል እንጂ አመማት አይልም። አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ የሰማውንም ለሌላ አይተነፍስም። አማቷ ይህን ሕግ ያውቁታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምራቴ የሰው ምስጢር ጠባቂ ናት፣ መንግሥት አስምሏታል እያሉ ይኩራሩባት የለ!

ሚስስ ሊያንግ መጀመሪያ የወይዘሮ እታለማሁን ሁለት እጅ ይዛ ትርታቸውን አዳመጠች፣ ምላሳቸውንም አየች። ከዚያ ጉልበታቸውን ማታ ማታ እንደሚያማቸው፣ እንቅልፋቸውም እየተቆራረጠ እንደሚያስቸግራቸው ነገረቻቸው። ወይዘሮ እታለማሁ አማተቡ። እንግዲህ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ጉልበታቸውን ቢያማቸው ምን ይገርማል? እሳቸው ግን ሴትዮዋ ሆዳቸውን አንብባ የጨረሰች መሰላቸው። ልጅዎ በልጅነቱ ምን ምን ታሞ ነበር ብላ ስትጠይቃቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ነጠላቸውን ጎተቱ። መሬት መሬት አዩ።

«ይቺ ሴትዮ አውቃዋለች» አሏት መዓዛን በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ። የሰማሽው እዚሁ ይቅር፣ ምለሻል።»

መዓዛ ምን ሊሉ እንደሆነ አልገባትም። እሺ ይናገሩ አለቻቸው። እሳቸውም ተናገሩ። ምናሴ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ጆሮ ደግፍ ያዘው። እብጠቱ ከጉንጩ ወደ ታች ወረደ፣ መራመድ እስኪያቅተው። ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ እናትየውን ለብቻ ጠርቶ ይህ ልጅ ምናልባት አይወልድም ይሆናል፣ ሲያድግ ይመርመር አላቸው። ለአባቱም አልነገሩ፣ ለልጁም አልነገሩ። ሲያገባም አልነገሩ።

መዓዛ ሁሉንም እንግሊዝኛ አደረገችው። አፏ ሥራውን ለምዶታልና በራሱ ሄደ። ልጄ ታመመብኝ አለች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ አለች። አውቅ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም አለች። እኔ አውቅ ነበር ብላ ከራሷ አፍ ሲወጣ ስትሰማ ነው ነገሩ የገባት፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ እሳት ለቀቀባት። እኚህ ሴትዮ ናቸው ኩባያ ወደ መስኮት ዘንበል የሚያደርጉት! እኚህ ናቸው ዝቃጩን ጠጪ የሚሉት!

ሚስስ ሊያንግ የመዘነችውን ሥር ወደ መሳቢያው መለሰች። ለዚህ በሽታ የወንድ ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም፣ አስቀድሞ እሱ ይመርመር፣ ለአንቺ ከእንግዲህ የምሰጥሽ ነገር የለኝም አለቻት። ስትሸኛትም እጇን ይዛ ጥቂት ቆየች።

መኪና ውስጥ ገብተው ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ወጡ። ድልድዩን ሲሻገሩ ግን ወይዘሮ እታለማሁ ጀመሩ። ልቅሶና ቁጣ ተደባለቀባቸው። ምናሴ ይህን እንዳይሰማ፣ ሰምቶ አይተርፍም አሉ። መድኃኒቱን ቻይናዋ ብትከለክልም እቤት ያለውን አፍልታ በፊቱ መጠጣቷን እንዳትተው፣ ካለቀም ሻይ ቅጠል አጥቁራ ትጠጣ፣ እንዳይጠረጥር አሉ። እግዜር ከፈቀደ እንዲሁም ቢሆን ይሰጣል አሉ። መዓዛ መሪውን ጨብጣ መንገዱን ብቻ ታያለች።

«እኔ ስጠጣ ቆመው ያዩኝ ነበር» አለቻቸው በመጨረሻ። «ለምን?»

«ሰው ምን ይላል? አንዳችሁ ላይ መውደቁ አይቀርም» አሉ አማቷ። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ትችዪዋለሽ። ወንድ ልጅ ይሰበራል።»

ብትናገር መኪናውን የት እንደምትወስደው ፈርታለች። የገዛ አካሏን የጠላችበት ዘመን ሁሉ አንድ ባንድ መጣባት። በየወሩ መታጠቢያ ቤት ተቆልፋ ያለቀሰችው፣ ይቅርታ አድርግልኝ ብላ ባሏን የለመነችው። ይቅርታ! እሱም ግድ የለም ብሎ ይቅር ይላት ነበር፣ የኛ ቸር።

ቤት ሲደርሱ ምናሴ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኳስ ያያል። ሥራ ኮል ያደረገው ሰውዬ፣ በካልሲ፣ ቆሎ ይዞ። ጨርሳችሁ መጣችሁ እንዴ አላቸው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። መዓዛ ሄዳ ቴሌቪዥኑን ጠረቀመችው። ፊቱ ቆመች። አማቷ ከኋላዋ ክንዷን ይዘው መዓዛ ተይ፣ ምለሻል አሏት። የማልኩት ለሥራዬ ነው፣ ዛሬ ማንም አልቀጠረኝም አለቻቸውና ክንዷን አስለቀቀች።

«እናትህ የተናገሩትን ልንገርህ» አለችው። «ቃል በቃል ነው፤ አንድ ነገር አልጨምርም። አሥራ አምስት ዓመትህ ላይ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ወደ ታች ወረደ። ሐኪሙ ይህ ልጅ ላይወልድ ይችላል ብሎ ነገረኝ። እኔ አውቅ ነበር። ሚስትህ መድኃኒት ስትጠጣ ቆሜ እያየሁ፣ አውቅ ነበር።»

ምናሴ እናቱን አየ። ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ እንጂ ውሸት ነው አላሉም። መዓዛ ጠበቀች። በዚያች ሰዓት፣ በንዴቷ መሀል እንኳን፣ አንድ ነገር ቢላት ኖሮ ሁሉን ትተወው ነበር። ምን ያህል ጠጣሽ ቢላት። ነይ ቢላት።

«ሌላ ማን ሰምቷል?» አለ። «ሀጀራ ታውቃለች?»

መዓዛ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ሰኞ ተመርመር፣ ውጤቱን ይዘን ምን እንደሚቻል አብረን ሐኪም እንጠይቃለን፤ ሰኞ ካልሄድክ ግን እኔ ማክሰኞ ለብቻዬ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ፣ ልጅ ለመውለድ ያንተን ፈቃድ የሚጠይቀኝ የለም አለችው። ምናሴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ያን ጊዜ ነው እናቱ ከግድግዳው ተላቀው የመጡባት። ልጄን ገደልሽው አሏት፣ በእጃቸው ደረታቸውን እየመቱ፣ አንድ ወንድ ልጄን ገደልሽብኝ።

«ልጅዎ ይኸው፣ አልሞተም፣ ሶፋ ላይ ተቀምጧል» አለቻቸው መዓዛ። «የኔ ልጅ ነው የሌለው።»