ላሙ ላይ የተወራላት ነጌሌ

ፈርሃናና ሺሬ በተጋቡ በሀያ አምስተኛ ዓመታቸው ኬንያ ጠረፍ ወዳለችው ላሙ ደሴት የሄዱት ልጃቸው ሳቢር ስለገፋፋቸው ነው። በ1990 ዓ.ም. ሙሽሮች ሳሉ፣ ሞምባሳ የሚነግደው የሺሬ አጎት እዚያ ደሴት ላይ ያለ የወዳጁን ቤት ለአስር ቀን ሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጌሌ ውስጥ ጨርቅ ሊገዛ ሱቃቸው ገብቶ ስለ ላሙ ሳይሰማ የወጣ ሰው የለም። ሺሬ ሜትሩን ጨርቁ ላይ እንደዘረጋ ስለ ባህሩ ነፋስ ይጀምራል፤ ገበያተኛው ቆሞ ይጠብቃል። ፈርሃናም "እጄን ይዞኝ በባህሩ ዳር ስንሄድ" እያለች ትጨምርበታለች። ሳቢር ይህን እየሰማ ስላደገ፣ "በቃ ሂዱና እዩት፣ ሱቁን እኔ እይዛለሁ" አላቸው።

በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በናይሮቢ አድርገው አራት ቀን በአውቶቡስ ከተንገላቱ በኋላ በጀልባ ተሻግረው ደረሱ። ያ ቤት ሆቴል ሆኗል። ባህሩ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ተሰጣቸውና ተቀመጡ።

"ውሃው ያው ነው" አለ ሺሬ።

"ያው ነው" አለች ፈርሃና።

ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር ጠፋ። ነጌሌ ቢሆን ጠዋት የጀመሩት ወሬ ቀኑን ሙሉ አያልቅም፤ ደንበኛው አለ፣ ጎረቤቱ አለ። እዚህ ማንንም አያውቁ፣ ማንን ያማሉ? በማግስቱ ሺሬ የደሴቱን አህዮች ሲመለከት ዋለ። "የዚህኛው ሰኮና አልተከረከመም" አላት። ፈርሃና፣ ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ብላ አሰበች። እሱ ግን ደስ ብሎት እንደሆነ ብላ ሰኮናውን አብራው አየች።

በሦስተኛው ቀን፣ በኦሮምኛ እየተነጋገሩ በጀልባ ማቆሚያው ሲያልፉ፣ ከአንዲት ሻይ ቤት "አካም፣ ናጋ?" የሚል የሴት ድምፅ ጠራቸው። ጉያቱ ትባላለች፤ ነጌሌ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏን ተከትላ ከመጣች ሀያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት።

"ነጌሌ እንዴት ሆነችላችሁ?" አለች፣ ከዚያ መምጣታቸውን ስትሰማ።

ሺሬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "የሊበን ሜዳ ሳር ዘንድሮ እስከ ጉልበት ነው። አቧራ የሚባል ቀርቷል። ቧንቧው ቀን ከሌት ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ፣ ምን ልበልሽ…"

ፈርሃና ዞራ አየችው። ከሳምንት በፊት አቧራዋን አራግፈው የወጡባትን ከተማ አላወቀቻትም። ድምፁን ግን አወቀችው፤ ሜትሩን ይዞ ስለ ላሙ ሲያወራ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ያኔ ትዝ አላት። ከእነዚያ አስር ቀናት ስድስቱን በወባ ተኝታ ነው ያሳለፈችው። እጇን ይዟት በባህሩ ዳር የሄደውም ክሊኒክ ሊያደርሳት ነበር። እንዴት እንደረሳችው ገረማት።

ጉያቱ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ፈርሃና ተጨነቀች፤ ይህች ሴት አምናው ሻይ ቤቷን ትታ ብትመለስስ? ሺሬ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ጠጋ ብላ፣ "እህቴ፣ እንዳትሳሳቺ። ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ ከብቱም አልቋል። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው" አለቻት።

"አውቃለሁ፣ እናቴ ሁልጊዜ ትደውላለች" አለች ጉያቱ። "ተይው ያውራ። እኔም ስለዚህ ባህር እንዲሁ ነው የማወራላት። ከመጣሁ እግሬን እንኳ አስነክቼው አላውቅም።"

ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳቁ። ሺሬ ተመልሶ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ አልነገሩትም።

የቀሩትን ቀናት እዚያው ሻይ ቤት ዋሉ። ሺሬ ያወራል፣ ጉያቱ ትጠይቃለች። ፈርሃናም ሳታስበው የነጌሌን ዙሪያ ዛፍ አልብሳ፣ አንድ ምንጭ አፍልቃላት አረፈች። ሆቴላቸው ሲመለሱም ወሬው አላለቀባቸውም።

ነጌሌ ሲገቡ ሳቢር ስልካቸውን ተቀብሎ ፎቶ ያገላብጥ ጀመር። ጉያቱ ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ጉያቱ ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ ሺሬ እጁን ዘርግቶ ሲያወራ።

"ባህሩስ የታለ አባዬ?"

ሺሬ ስልኩን ተቀብሎ ትኩር ብሎ አየ። "ከግድግዳው ጀርባ ነው" አለ።

"ድምፁ ይሰማን ነበር" አለች ፈርሃና።