እስከ መጨረሻ ስማ

አብራርን ማዋረድ ነበር የፈለግኩት፤ ምን አፍራለሁ!

አባቴ ሼህ ሙሀጅር መንዙማ ሲሉ ሰፈራችን በቾ ቦሬ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። እኔ እየቀዳሁ ሊኑክስ በጫንኩበት አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጥላቸዋለሁ። ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ ቀን ከሌት የሚሠራ የቤት ሰርቨራችን ነው። አብራር የአባቴ ተማሪ ስለነበር፣ ከቤቱ ሆኖ ቅጂዎቹን እያዳመጠ እንዲለማመድ የኢንተርኔት መግቢያ ሰጠሁት። የእሱ ልማድ ግን የታወቀ ነው፤ መጀመሪያውን ሰምቶ "ገብቶኛል" ብሎ ይነሳል። አባቴ "እስከ መጨረሻ ስማ!" እያሉ ሰለቻቸው።

አላህ ይዘንላቸውና አባቴ በሞቱ በዓመቱ፣ አብራር የእሳቸውን ድምፅ የራሱን ፎቶ ለጥፎ ዩቲዩብ ላይ ጫነው። በየሰርጉም ቅጂውን ከስልኩ በድምፅ ማጉያው ይከፍትና አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ደወልኩለት።

"ማሎ፣ እባክሽ ከውሰር፣ ድምፄ እንደ ሼኩ ከሆነ ምን ላድርግ? አላህ ነው የሰጠኝ" አለኝ።

ዓይኑን በጨው ያጠበ! ደሜ ፈላ።

መግቢያውን መዝጋት ለእኔ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ግን ሌባን በር ዘግተው ቢመልሱት ነገ ሌላ ቤት ይገባል፤ እኔ ሰው ፊት እንዲያዝልኝ ነው የፈለግኩት። የሰርቨሩን ሌላ ነገር ሁሉ ቆለፍኩበትና አንድ ፎልደር ብቻ ተውኩለት። እዚያ ውስጥ አንድ ቅጂ አኖርኩ፤ ስሙን "ያልተሰማ፣ የሰርግ" አልኩት። መነሻው ሰርግ ላይ ተሰምቶ የማያውቅ የአባቴ መንዙማ ነው። መሀሉ ላይ ግን፣ መቅጃውን ከፍቼ በወጣሁበት የልምምድ ቀን፣ አባቴ አብራርን ሲቆጡት ይሰማል። ቁጣው ጋ ስደርስ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ የቀረውን ሳልሰማ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ማን እንደገባ የሚያሳየውን ሎግ ስከፍት፣ አብራር ገብቶ ቅጂውን ወስዷል። ብላ የኔ ጌታ፣ ይመችህ!

ሸቤ ከተማ፣ የአክስቴ ልጅ የሱሀይላ ሰርግ ላይ ከእናቴ ከመድና ጋር ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠናል። ከመጋረጃው ማዶ አብራር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ማይክ ያዘ። ድምፁ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ አቀርቅራ ታዳምጣለች። እኔ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እጠብቃለሁ።

መጣ።

"አብራር! የእኔን ድምፅ ተውና በራስህ ድምፅ በል! እስከ መጨረሻ ስማ እንጂ፣ አንተ ልጅ!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። አብራር አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት ቢታገል ጀለቢያው ያዘበት። እሰይ! ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አባቴ በድምፅ ማጉያው ለስለስ ብለው ቀጠሉ።

"መድና! ለዚህ ልጅ ሻይ ስጪው፤ ጉሮሮው ደርቋል።"

"አቤት!" አለች እናቴ። አጠገቤ ብድግ ብላ ቆማለች።

ሳቁ ጠፋ። እናቴ ፊቷ ያለውን ሻይ አነሳች፣ መጋረጃውን አልፋ አብራር ጋ ደረሰች።

"ጠጣ" አለችው። "አዘውልሃል።"

አብራር በሰው ሁሉ ፊት እያለቀሰ ጠጣ። ቅጂው መሄዱን አላቆመም። እኔ መጋረጃውን እንደያዝኩ ጆሮዬን አቆምኩ፤ አባቴ ቀጥለው ምን እንደሚሉ እኔም አላውቅም ነበር።